ማንኪያውን ገልብጡት

ጥንታዊ የእንግሊዝ የብር ማንኪያ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ ገልብጡት። እጀታው ጀርባ ላይ ጥቃቅን ማህተሞች ተደርድረዋል፤ በሕግ የታዘዘ ምስክርነት ናቸው። ጫፉ ላይ የአንበሳ ራስ ወይም ሰይፍ የጨበጠ ክንድ ተቀርጾ ከሆነ ደግሞ ያ የባለቤቶቹ ነው። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ማንኪያ ማዕድ ላይ የሚቀመጠው ተደፍቶ ስለነበር፣ እንግዳ የሚያየው ይህንኑ ጀርባውን ነበር።

የሚራመደው አንበሳ (ከእ.ኤ.አ. 1544 ጀምሮ) ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይመሰክራል። የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን ያመለክታል። በየዓመቱ የሚቀየር አንድ ፊደል የተመረመረበትን ዓመት ሲናገር፣ የአንጥረኛው ስም መነሻ ፊደላትም ይታከሉበታል። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካለበት፣ ከ1784 እስከ 1890 ይከፈል የነበረ ግብር ተከፍሎበታል።

በአማርኛ ብረቱም ገንዘቡም «ብር» ነው፤ ለእንግሊዝ ባላባትም ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ሲቸግረው ሳህኑን አቅልጦ ገንዘብ ያደርገዋል። ግን ተቃራኒውም ይደረግ ነበር፤ የሳንቲም ጠርዝ እየተከረከመ ለገበታ ዕቃ ይቀልጥ ጀመር። ስለዚህ በ1697 የወጣ ሕግ የዕቃው ብር ከሳንቲሙ ይበልጥ ንጹሕ፣ ከ1000 እጅ 958 ያህል እንዲሆን አስገደደ። ግዴታው የተነሣው በ1720 ነው።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ አርማ። ሰፊ ትሪ ሙሉውን ጋሻ ይይዛል፤ ለማንኪያ ግን የሚበቃው ከጋሻው በላይ በሚሳለው የራስ ቁር አናት ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ብር ላይ ቀለም ስለማይቀባ ቀራጩ ቀለሙን በመስመር ይጽፋል፦ ነጠብጣብ ወርቅማ፣ ቁም መስመር ቀይ፣ አግድም መስመር ሰማያዊ። ጋሻው ለሁለት ከተከፈለ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከተመልካቹ በስተግራ የባል፣ በስተቀኝ የሚስት ቤተሰብ። ያላገባች ሴት ወይም ባሏ የሞተባት ደግሞ አርማዋ በጋሻ ፋንታ እንደ ካርታው ዳይመንድ ባለ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፤ ጋሻ የተዋጊ ወንድ ነው ይባል ነበርና። ሙሉ አርማና የዓመቱን ፊደል ያገናኘ ሰው፣ አንዳንዴ ትሪው የየትኛው ጋብቻ እንደሆነ እስከ ማወቅ ይደርሳል።

የማንኪያዋን ምልክት ብቻ አሳይቶ «የእገሌ መስፍን ነበረች» የሚል ሻጭ ግን አትመኑ። አንዱን ምልክት ብዙ ቤተሰቦች ይጋሩታል። ቀኑም ሊያሳስት ይችላል፤ ፊደሉ 1735 እያለ አርማው የመቶ ዓመት ታናሽ የሆነ ዕቃ ብርቅ አይደለም። ዕቃው ሲሸጥ አዲሱ ገዢ የቀድሞውን አርማ አስፍቆ የራሱን ያስቀርጻልና። የተፋቀ ትሪ መሐሉ ይሳሳል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይለምጣል። ነጋዴዎች እንደሚያደርጉት ትንፋሻችሁን እፍ በሉበት፤ ፍቀቱ ጥልቅ ካልሆነ የአሮጌው ጋሻ መስመር ለአፍታ ብቅ ብሎ ይጠፋል።