ከመኪና ሥር የሚሰማ ድምፅ፦ በካልጋሪ ብርድ የትኛው ፋታ ይሰጣል? የትኛውስ ያስቆማል?

በካናዳዋ ካልጋሪ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ጠዋት ድምፅ የማያሰማ መኪና ማግኘት ያስቸግራል። ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ሲነሳ ከሥሩ ሲጢጥ ይላል፤ ጉድጓድ ሲገጥመው ይንኳኳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ያጓራል። ከእነዚህ ድምፆች አንዳንዶቹ መኪናው ጥቂት ከተጓዘ በኋላ የሚጠፉ ናቸው። ሌሎቹ ግን ጎማው ከቦታው ከመላቀቁ በፊት የሚሰሙ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ካልጋሪ በምትገኝበት በአልበርታ ግዛት ሁለቱን የመለየት ኃላፊነት በአብዛኛው በአሽከርካሪው ላይ የወደቀ ነው። ግዛቲቱ የግል አውቶሞቢሎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፉ አታስገድድም። ምርመራ የሚጠየቀው እንደ ከሌላ ግዛት የመጣ መኪና ምዝገባ ባሉ ውስን ሁኔታዎች ነው። በኢትዮጵያ መኪናውን አስመርምሮ ዓመታዊ ቦሎ መለጠፍ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በታክሲና በስልክ መተግበሪያ አማካይነት መንገደኛ የሚያጓጉዙ ተሽከርካሪዎች ምርመራ ግዴታቸው ቢሆንም፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል ባሉት ወራት መኪናውን የሚያዳምጠው ሹፌሩ ብቻ ነው።

የከተማዋ አየር ጠባይም ለመኪና እግር ምቹ አይደለም። ከሮኪ ተራሮች ወደ ምሥራቅ የሚወርደውና ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በበረዶ ወራት መካከል የአየሩን ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይለዋውጠዋል። ከካልጋሪ በስተደቡብ በምትገኘው ፒንቸር ክሪክ በአውሮፓውያኑ ጥር 1962 ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 19 ተነስቶ ከዜሮ በላይ 22 ዲግሪ መድረሱ ተመዝግቧል። በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ወደ አስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ማታ መልሶ ሲረጋ ይሰፋና አስፋልቱን ይፈነቅላል። ጉድጓዶቹ የሚወለዱት እንዲህ ነው። መንገድ እንዳያንሸራትት የሚበተነው ጨው ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል፤ አብሮት የሚበተነው ደቃቅ ጠጠርም በየቀዳዳው ይሰገሰጋል።

መካኒክ ዘንድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ድምፁን በአፉ አስመስሎ ለማሰማት ነው። ይሁንና ድምፁ ምን እንደሚመስል ከመግለጽ ይልቅ መቼ እንደሚሰማ መናገር የበለጠ ይጠቅማል። መሪ ሲዞር ነው? ፍሬን ሲያዝ? ጉድጓድ ሲገጥም? ወይስ ፍጥነት ሲጨምር? መኪናው ከሞቀ በኋላስ ይቀጥላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ያለው ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ፋታ ከሚሰጡት እንጀምር። ከከባድ ብርድ ሌሊት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሚሰማው ዱብ ዱብታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጎማው ነው። መሬት ላይ ያረፈው የጎማው ክፍል በብርዱ ጠፍጥፎ ይደርቅና እስኪሞቅ ድረስ ክብ መሆኑን ይረሳል። በመኪናው እግር መጋጠሚያዎች ላይ ያሉት ጎሚኒዎችም ሲጠነክሩ ሲጢጥ ይላሉ፤ ብርዱ ሲለቅ ዝም ካሉ አያስቸኩሉም። በቸርኬ ውስጥ የተጋገረ በረዶ መኪናውን በፍጥነት መንገድ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፤ መድኃኒቱ ሙቅ ውኃ ያለበት የመኪና እጥበት ነው። ባለቤቱን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ብረት ከብረት ሲፋቅ የሚሰማው ጩኸት እንኳ፣ አንዳንዴ በፍሬን ዲስኩና በመከለያው ቆርቆሮ መካከል የገባች አንዲት ጠጠር ሥራ ነው። ጩኸቱ ካልጠፋ ግን ያለቀ የፍሬን ሸራ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት።

መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ ከፊት ጎማ በኩል ተደጋጋሚ ቀጭ ቀጭታ ከተሰማ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሲቪ ጆይንት የሚባለው መጋጠሚያ ነው። ይህ መጋጠሚያ ኃይል ወደ ጎማው በሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ይገኛል። በውስጡ ብዙ ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉት፤ ጎማው ወደ ጎን ሲዞርም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ኃይሉ ሳይቆራረጥ እንዲተላለፍ ያደርጋሉ። ኳሶቹ የሚኖሩት በግራሶ ተሞልተው፣ እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ላስቲኩ በብርድና በእርጅና ሲሰነጠቅ ግራሶው ይረጫል፤ በምትኩ አሸዋና ጨው ይገባል። እዚህ ላይ ጊዜ ማለት ገንዘብ ነው። ስንጥቁ መጋጠሚያው መጮህ ሳይጀምር ከተገኘ ላስቲኩንና ግራሶውን መቀየር ሊበቃ ይችላል። ቀጭ ቀጭታው ከጀመረ በኋላ ግን ኳሶቹና መሄጃቸው ስለተቦረቦሩ አዲስ ላስቲክ አያድናቸውም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ዘንጉ በሙሉ ነው። በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ማየት ታዲያ ከየትኛውም ድምፅ የቀደመ ምልክት ነው።

ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ወጥ ጉርምርምታ ወደ ጎማው ኩሽኔታ ያመለክታል። ችግሩ የበረዶ ጎማም ጥርሱ ወፍራም በመሆኑ ተመሳሳይ ድምፅ ማሰማቱ ነው። የጎማ ድምፅ የመንገዱ ገጽ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ የኩሽኔታ ድምፅ ግን እምብዛም አይለወጥም። መኪናው በእኩል ፍጥነት እየሄደ መሪው በቀስታ ወደ ግራ ሲዞር ጉርምርምታው ከበረታ፣ ክብደቱ የሚያርፈው በቀኝ በኩል ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። የተበላ ኩሽኔታ ይግላል፤ ይላወሳል፤ ችላ ከተባለም ጎማውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ጉድጓድ ላይ የሚሰማው ኳኳታ ግን አታላይ ነው። መነሻው መኪናው በኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው የስታቢላይዘር ማያያዣ ከሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ቀጠሮ መጠበቅ ይቻላል። ያረጀ አሞርዛተርም ብዙ ጊዜ ዘይት በማንጠብጠብና መኪናውን ደጋግሞ በማንጠር ራሱን ያጋልጣል። ተመሳሳዩ ኳኳታ ከቴስቲኒ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የኳስ መጋጠሚያ ከቦታው ሲወጣ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መሪም መኪናውን ማዘዝ ያቆማል። በካልጋሪው ዲርፉት ፈጣን መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ እንዲህ ቢከሰት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም። ኳኳታው በመሪው ላይ ልልነት ወይም ወደ አንድ ወገን መሳብ ከጨመረበት መኪናው መነዳት የለበትም፤ በመጎተቻ መወሰድ አለበት። ጎማውን አንስቶ ከላይና ከታች፣ ከዚያም ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ልልነቱን ያሳያል። ይህን የሚሞክር ሰው ግን መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥሩ መግባት የለበትም።

ባለአራት ጎማ ኃይል መኪኖች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አሽከርካሪው ራሱ በሚያስገባው ዓይነት ላይ፣ በደረቅ አስፋልት በጠባብ ኩርባ ሲዞር መኪናው የሚያዝና የሚዘል ከመሰለ፣ የተሰበረ ነገር ላይኖር ይችላል። የፊትና የኋላ ጎማዎች በኩርባ ላይ የሚጓዙት ርቀት ይለያያል፤ ስልቱ ግን በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ያስገድዳቸዋል። ለበረዶና ለጭቃ የተሠራ ስለሆነ በደረቅ መንገድ ማውጣት ነው። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር ከመሐል የሚሰማ ነጠላ ኳታ ደግሞ የክሮቸራ መላላት ሊሆን ይችላል።

እንደ ኩሽኔታ፣ አሞርዛተርና ክሮቸራ ያሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከጣሊያንኛ ነው። በአዲስ አበባ ጋራዦች ማንም ይረዳቸዋል፤ በካልጋሪ ግን ከአገር ልጅ መካኒክ በቀር የሚገባው የለም። ስለዚህ ተሳፋሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፁን በስልክ እንዲቀርጽ ማድረግ፣ ወይም ከመካኒኩ ጋር አብሮ ለመንዳት መጠየቅ ከማንኛውም ትርጉም ይሻላል።

ክፍያን በተመለከተ የአልበርታ ሕግ ለደንበኛው የሚያደላ ነው። ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ግምት ከተሰጠ፣ ደንበኛው ካልተስማማ በቀር የመጨረሻው ሂሳብ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ፣ ቢበዛም ከ100 ዶላር በላይ ማለፍ አይችልም። ለአዲስና ለታደሱ ዕቃዎች፣ ለተከፈለው የእጅ ሥራም ቢያንስ የ90 ቀን ወይም የ5,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አለ። የተፈታውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ማለትም ነውር የለውም፤ የተበላ ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ሻካራነቱ ለማንም ይሰማል።