አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ኮምፓይለር

በዚህ ዓመት የኮምፒውተር ክበባችን ተማሪዎች የክፍል አማካይ ውጤት የሚያሰላ አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፈው አሳዩን። የሚያወጣው ቁጥር ትክክል ስለነበር ለሪፖርት ካርድ እንጠቀምበት እስከ ማለት ደርሰን ነበር። የክበቡ መምህር ግን ያንኑ ኮድ በሌላ ኮምፓይለር ሲሞክሩት ማስጠንቀቂያ መጣ። አማካዩን የሚያሰላው ፈንክሽን ውጤቱን የሚመልስበት የ«ሪተርን» መስመር ተረስቷል። እስከዚያ ድረስ መልሱ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ቁጥሩ ከስሌቱ በኋላ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በሚፈለገው ቦታ ላይ ተርፎ ስለተገኘ ብቻ።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። የላብራቶሪያችን ኮምፒውተሮች በሊኑክስ ይሠራሉ፤ እዚያ የተለመደው ኮምፓይለር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ጂሲሲ ነው። መምህሩ የተጠቀሙበት ክላንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ ነው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የእኛን ተማሪዎች ዓይነት ስሕተት ጂሲሲ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ካልታዘዘ በዝምታ ያልፈዋል፤ ክላንግ ሳይጠየቅ ይናገራል። ፈተና ስናርም ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ አንዱ አራሚ ያሳለፈውን ሌላው በቀይ ያከብበታል።

ይህንኑ በትልቁ የሞከሩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ሲልቬስትር ሌድሩ የዴቢያን ሊኑክስን የሶፍትዌር ጥቅሎች በሙሉ በክላንግ አስገነባ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ጂሲሲ ተብሎ ሲጠራ ክላንግ እንዲመጣ አደረገ። ከአሥራ አምስት ሺህ በላይ ከሆኑት ጥቅሎች 9 በመቶ ገደማው አልተገነቡም። ዋጋ እመልሳለሁ ብሎ ባዶ የሚመልስ ፈንክሽን ነበረ፤ ጂሲሲ ብቻ የሚያውቀው ትእዛዝም ነበረ። የመጀመሪያው የጸሐፊው ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ግን ጥፋት ሳይሆን የልማድ ልዩነት ነው። ጂሲሲ ለምሳሌ በፈንክሽን ውስጥ ሌላ ፈንክሽን መጻፍን ይፈቅዳል፤ የሲ ቋንቋ ደንብ ግን አያውቀውም፤ ክላንግም አይቀበለውም። ስለዚህ ክላንግ እምቢ ባለ ቁጥር ኮዱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ክላንግ ያላየውን ጂሲሲ የሚያይበት ጊዜም አለ።

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሥረኛው ስሪቱ ጂሲሲን ትቶ ክላንግን መደበኛ አድርጓል። የሊኑክስ ከርነል ግን ለብዙ ዓመታት ከጂሲሲ ልማዶች ጋር ተጣብቆ ስለቆየ መላቀቁ ረጅም ሥራ ጠይቋል።

መሞከር ለሚፈልግ ተማሪ ሥራው አጭር ነው፤ ክላንግን መጫን፣ ቀድሞ የተገነባውን ማጥፋት፣ ከዚያ «ሜክ» ሲታዘዝ የኮምፓይለሩን ስም ወደ ክላንግ መለወጥ። ማጥፋቱን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ አሮጌውን ፋይል መልሰው እያዩ ምንም ማስጠንቀቂያ አልመጣም ብለው ይደሰታሉ።

ተማሪዎቻችን የጎደለውን መስመር ጨምረው አሁን በሁለቱም ይገነባሉ። የዘንድሮው ሪፖርት ካርድ ግን በእጅ ተደምሮ ነው የወጣው።