አንጎላችን የሚንሳፈፍበት ፈሳሽ



አንጎልና ህብለ ሰረሰር በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልለዋል። በመካከለኛውና በውስጠኛው ሽፋን መካከል ባለው ክፍተት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይዘዋወራል። መካከለኛው ሽፋን የሸረሪት ድር ስለሚመስል ስሙም «አራክኖይድ» ተብሏል፤ ቃሉ ከግሪክኛው የሸረሪት መጠሪያ የመጣ ነው።

በአዋቂ ሰው ፈሳሹ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሰውነት በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚያመርት በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደሳል። 1,400 ግራም ገደማ የሚመዝነው አንጎል በዚህ ፈሳሽ ሲንሳፈፍ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። ራሳችን ሲመታም ፈሳሹ ግጭቱን ያበርድለታል።

ይኸው ፈሳሽ የአንጎልን ወሬ ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው ሐኪም ሄይንሪክ ክዊንከ ፈሳሹን ከወገብ በመርፌ መቅዳት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ተመራማሪዎች አሚሎይድና ታው የተባሉ ፕሮቲኖችን በውስጡ እየለኩ የአልዛይመር በሽታን ያጠናሉ።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጥቅሙ ማጅራት ገትርን መለየቱ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የበሽታው ቀበቶ፣ ከሕሙማን የተቀዳው ፈሳሽ ሲመረመር ወረርሽኙን በብዛት የሚያስነሳው «ኤ» የተባለው የባክቴሪያ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ለዚሁ ዓይነት የተዘጋጀው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በስፋት ሲሰጥ፣ የ«ኤ» ወረርሽኝ ሊጠፋ በቃ። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን ዛሬም አሉ።

ሆኖም ብዙ ወላጆች «ልጄ ከወገቡ ውሃ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» ብለው ይፈራሉ። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። አንዳንዱን ሰው ለጥቂት ቀናት ራሱን ሊያመው ይችላል። ያልታወቀ ማጅራት ገትር ግን መስማትን ያሳጣል፤ ሕይወትንም ይቀጥፋል።

ስለዚህ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር የታየበትን ልጅ ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም እናድርስ። ሐኪሙ «ፈሳሹ ይመርመር» ሲል ያልገባንን እንጠይቅ፤ በፍርሃት ግን አንከልክል። ከአንድ ልጅ የተቀዳው ጠብታ ለእሱ መድኃኒቱን፣ ለሌሎች ልጆች ደግሞ ክትባቱን ያመለክታልና።