ኑዛዜ ሞትን አይጠራም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉ ሰፈሮቻችን፣ አዛውንት በጠና ሲታመሙ ምን እንደሚሹ የሚጠይቃቸው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ልጆች ጓዳ ገብተው «ሆስፒታል ይተኙ»፣ «የለም፣ ቤታቸው ይሁኑ» እያሉ ይከራከራሉ። አንደበታቸው ከታሰረ በኋላ ደግሞ መልሱን ማን ይነግረናል? ዝም የምንለው ሟርት እንዳይሆንብን ፈርተን ነው። ለሞት መዘጋጀት ግን ሞትን አያቀርብም።

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በመሰናበቻው ሐጅ ጊዜ፣ መካ ላይ በጠና ታመው የሚሞቱ መሰላቸው። ሊጠይቋቸው የመጡትን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለሚተዉት ንብረት አማከሩ። ረሱልም ከሲሶ በላይ እንዳይናዘዙ፣ ወራሾቻቸውንም ለልመና እንዳይዳርጉ መከሯቸው። ሰዕድ ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖሩ!

እንግዲህ እኛም የታመሙ ወላጆቻችንን ከመግሪብ በኋላ አረፍ ብለን እንጠይቃቸው፦ አባባ፣ መናገር ቢያቅትዎ ማን ይናገርልዎ? ቤትዎ መሆን ይሻላሉ ወይስ ሐኪም ቤት? ያለብዎ ዕዳ፣ የተቀበሉት አማና አለ? ቃላቸውን በምስክር ፊት እንጻፍ፤ ለሐኪማቸውም እንንገር። ፈውስ ባይገኝ እንኳ ስቃይን ማስታገስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ የቆየው ለዚሁ ነው።

ወጣቶች ሆይ! አጀል በአላህ እጅ ነው፤ የወላጅን ቃል በጊዜው መስማት ግን የኛ ድርሻ ነው።