ቅር የተሰኘ አንባቢና «ፍቅር እስከ መቃብር»

አንድ አንባቢ የፍቅር ልቦለድ ጨርሶ «ቅር አለኝ» ሲል፣ እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን የምንሰጠው ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «ድርሰቱ የተጻፈው አንተን ለማስደሰት አይደለም» እንላለን፤ ወይም ቅሬታውን የጀማሪነት ምልክት አድርገን ቆጥረን ወደ ጭብጥና ወደ ገፀ ባሕርያት አሳሳል እናልፋለን። በእኔ አመለካከት ግን ቅሬታ ስለ ድርሰቱ አሠራር የሚያሳውቀው ነገር ከአድናቆት አያንስም። ያደነቀ አንባቢ ምን እንዳስደነቀው ሲጠየቅ ይቸገራል፤ ቅር የተሰኘው ግን ቦታውን ገልጦ ያሳያል። በዚህ መጣጥፍ ይህንኑ ሐሳብ በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ ለመፈተን እሞክራለሁ። መጽሐፉን የመረጥሁት በጣም ከሚወደዱት የአማርኛ ልቦለዶች አንዱ ስለሆነ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮም መጽሐፉን በእጁ ላልያዘው ሰው ጭምር ስለደረሰ፣ እንዲያም ሆኖ በክፍል ውስጥ ባነሣሁት ቍጥር ቅሬታ ስለማይለየው ነው።

የታሪኩ ዋና መሥመር ለዚህ መጽሔት አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በዛብህ፣ ልጃቸው በሕይወት ቢቆይላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት የተሳሉ ድሆች ወላጆች ልጅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሮ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ የጋብቻ ዕድሜዋ እየገፋባት ያለች የባላባት ልጅ ናት። ይዋደዳሉ፤ ነገሩ ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷም ውላ አድራ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ትወጣና ፍለጋ ትሄዳለች። ስታገኘው ግን ወንበዴዎች መንገድ ላይ አቍስለውት በሞት አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ትመነኵሳለች፤ ጥቂት ቆይታም ትከተለዋለች። ጉዱ ካሳም ከእነሱ አይቀርም።

ከቅሬታዎቹ ሁሉ የሚበዛው «ለምን ተገናኝተው አልኖሩም?» የሚለው ነው። የተለመደው መልስ ደግሞ «ርእሱ አስቀድሞ ነግሮህ የለም ወይ?» የሚል ነው። ይህ መልስ የሚመስለውን ያህል አይረታም። በአማርኛ «እስከ መቃብር» ሲባል በመጀመሪያ የሚሰማን ሞት ሳይሆን ጽናት ነው፤ አለመከዳዳት፣ አብሮ ማርጀት። አንባቢ ርእሱን የሚፈታው በዚህ መንገድ ሲሆን ደራሲው ግን ቃሉን በቁሙ ወሰደው። የጽናት ማሰሪያ የነበረው ቃል በመጨረሻው ምዕራፍ የቦታ ስም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንባቢው በርእሱ ተታለለ ብንል ከእውነት አንርቅም፤ የታለለውም ቅኔ እንደሚያታልል ነው፤ ሰሙን ይዞ ሲጓዝ ወርቁ ዘግይቶ ደረሰበት።

ርእሱን በዚህ መልክ እንዲፈታ ያደረገው ቀድሞ ያነበበውና የሰማው ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሃንስ ሮበርት ያውስ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ አንባቢ ወደ አንድ ድርሰት የሚመጣው ከዚያ በፊት ያነበባቸውን ሥራዎችና የዘውጉን ልማድ ይዞ መሆኑን አስረድቷል። ይህንንም የጥበቃ አድማስ ብንለው ያስኬዳል። እንደ ያውስ አመለካከት ድርሰት ከዚህ አድማስ በራቀ መጠን ኪነ ጥበባዊ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የተጠበቀውን ብቻ የሚያቀርብ ሥራ ወደ መዝናኛነት ያዘነብላል። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ለደራሲው ያደላል። አንባቢን ቅር ያሰኘ ሁሉ ታላቅ ድርሰት ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን ይችላልና በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

ወደ እኛ ሥነ ጽሑፍ ስንመለስ አድማሱ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም የሰጠን የሠርግ ፍጻሜ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትንከራተታለች፤ በመጨረሻም ማንነቷ ተገልጦ ንጉሡን ታገባለች። ልብስ ለውጣ መንገድ የወጣች ሴት በሠርግ ስትካስ ያየ አንባቢ፣ ሰብለ ወንጌልን በመነኩሴ ልብስ ሲያገኛት ያንኑ ካሳ ቢጠብቅ ሊወቀስ አይገባውም። በሌላው ወገን ደግሞ ገድል አለ። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ የወጣውና በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ሆኖ የኖረው የገብረ ክርስቶስ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ለአደገ ሰው የታወቀ ነው። በዚያ ዓለም የትዳር መቅረት ኪሳራ አይደለም፤ ምናኔ ድል ነው፤ መቃብርም የጉዞው ማረፊያ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ሴራቸውን በአንደኛው አድማስ ጀምረው በሁለተኛው ዘጉት። ሁለቱንም የሚያውቅ አንባቢ ያዝናል እንጂ ቅር አይለውም። ገድል ሳይሰማ ያደገው የዛሬ ተማሪ ግን የሚያየው የተቋረጠ ሠርግ ብቻ ነው።

የወንበዴዎቹ ጉዳይ ከዚህ የተለየና የከበደ ነው። እዚህ ላይ ቅር የሚሰኙት የሚበዙት ጠንቃቃዎቹ አንባቢዎች ናቸው። ልቦለዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያካርረው የኖረው ግጭት የዘርና የማዕርግ ግጭት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ አሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት በእሳቸው ላይ የተነሡት ገበሬዎች አሉ፤ ሥርዐቱን ገጽ በገጽ የሚተቸው ጉዱ ካሳ አለ። ይህ ሁሉ ኀይል ተሰልፎ ሳለ በዛብህን የጣለው ዘሩንም ፍቅሩንም የማያውቅ ወንበዴ ነው። «ታዲያ ያ ሁሉ ትግል ለምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል።

አሪስጣጣሊስ በሴራ ውስጥ አንዱ ድርጊት ከሌላው በግድ ወይም ሊሆን በሚችል መንገድ መከተል አለበት ይላል። አጋጣሚን ግን ጨርሶ አይከለክልም፤ የሚቲስ ሐውልት የሚቲስን ገዳይ ወድቆ እንደገደለው ሁሉ፣ ዓላማ ያለው የሚመስል አጋጣሚ የበለጠ እንደሚያስደንቅ ይገልጻል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ሥራ የሚሠራው ስለቱ ነው። የወላጆቹ ስለት በታሪኩ መግቢያ ላይ የተቀመጠ ንግር ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ልቡን ለሴት ሰጠ፤ ስለዚህ ወንበዴዎቹ ስለት አስመላሾች ይመስላሉ። ሴራው በዚህ ይድናል።

ሴራው ሲድን ግን ጭብጡ ይጎዳል። በዛብህን የወሰደው ስለቱ ከሆነ፣ ሰው የሠራውን ሥርዐት ሰው ሊለውጠው ይገባል የሚለው የጉዱ ካሳ ክርክር ምን ላይ ይቆማል? ለስለት የባላባት አዋጅ አይሻለውም፤ ገበሬም ተነሥቶ አያፈርሰውም። ስለቱም ራሱ የዚያው ሥርዐት፣ የድህነትና የፍርሀት ልጅ ነው ብለው የሚከራከሩ ይኖራሉ፤ እኔም ይህን ክርክር በክፍል ውስጥ ሳቀርብ ኖሬአለሁ፤ ማራኪም ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩን የሚያቀርበው አንባቢው እንጂ መጽሐፉ አይደለም። ደራሲው የማኅበራዊ ሂሱን ክርና የዕጣ ፈንታውን ክር ጎን ለጎን ፈትለው፣ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ አንዱን ብቻ ሳቡ። ቅር የተሰኘው አንባቢ እጁን የጫነው በዚህ ቋጠሮ ላይ ነው።

ስለ ጉዱ ካሳ ንግግር ርዝመት የሚነሣው ማጕረምረም ግን ብዙ አያሳስበኝም። የፍቅር ታሪክ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ገጾቹን ሲያልፋቸው አያለሁ፤ ይለፋቸው፤ ሲመለስ እዚያው ያገኛቸዋል።

የመጨረሻውና ለእኔ እውነተኛው ቅሬታ ሰብለ ወንጌልን ይመለከታል። ይህን ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ሴት ተማሪዎች ናቸው። ከአባቷ ቤት የወጣችው ሰብለ ወንጌል በራሷ የወሰነች ሴት ናት፤ አባቷ ያዘጋጁላትን ትዳር ጥላ፣ ልብሷን ለውጣ፣ የማታውቀውን አገር ታቋርጣለች። በእነዚያ ገጾች ታሪኩን የምትገፋው እሷ ናት፤ በዛብህ እንኳ ከእሷ ጋር ሲነጻጸር ተጎታች ነው። መቃብሩ አጠገብ ከቆመች በኋላ ግን የሚነገርላት እንጂ የምትናገር አይደለችም። ምንኵስናውን እንደ ገድል ብናነበው ድል ነው ብያለሁ፤ በገድል ግን መናኙ የሚተወውን እያወቀ፣ እየመረጠ ይተዋል። ሰብለ ወንጌል የምትተወው አልቀረላትም፤ ቀድሞውኑ ተወስዶባታል። በመንገድ ላይ መሸሸጊያ አድርጋ የለበሰችው የመነኩሴ ልብስ ኋላ እውነተኛ ልብሷ ሲሆን፣ ያን ለውጥ በውስጧ ሆነን እንድናይ የሚያደርግ አንድ ረዘም ያለ ምዕራፍ ቢኖር ኖሮ ቅሬታው ወደ ሐዘን በተለወጠ ነበር። ደራሲው ለጉዱ ካሳ ሐሳብ የሰጡትን ቦታ ያህል እንኳ ባይሆን፣ እኩሌታው ይበቃት ነበር።