በሰሜን ተራሮች ድንኳን ተክሎ ማደር

ድንኳን ይዞ ተራራ ላይ ማደር የፈረንጅ መዝናኛ ብቻ ነው የሚለው ወሬ ለምዕራብ ጎጃም ሰው የሚሠራ አይመስለኝም። ቡሬን ከወለጋ ገበያዎች ጋር ያገናኙ የነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች አባይን ሲሻገሩ ከነጭነታቸው ሜዳ ላይ ሰፍረው ያድሩ ነበር። ማማ ላይ ሆኖ ሰብሉን ከአውሬ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ጥር 10 ቀን ለከተራ ወጥቶ ታቦቱ ካረፈበት ድንኳን አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያነጋ ምእመን፣ ሁሉም ደጅ ማደርን ያውቁታል። ያልለመድነው ተራራውንና አራዊቱን ለማየት ብሎ ማደርን ነው። ለዚህ ደግሞ በክልላችን ሥርዓት የተበጀለት ቦታ አለ፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ።

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። እርሻና ግጦሽ እየገፋው፣ ዋልያው እየተመናመነ ሲሄድ ግን በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። እዚህ ለመድረስ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ግጭ ላይ ድንኳን የሚተክል ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ስለሆነ የመግቢያው ክፍያ የሚፈጸመው፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ባለበቅሎና ምግብ አብሳይ የሚገኘው በደባርቅ ነው። እነዚህ ሰዎች የተራራው ተወላጆች ናቸው፤ ለእነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ፓርኩን ለአካባቢው ገበሬ ትርጉም እንዲኖረው ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ስለሆነ መከራከር አያስፈልግም። የታወቁት ማደሪያዎች ሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ ግጭ (3,600 ሜትር) እና ጨነቅ (3,620 ሜትር) ናቸው። ሳንቃበርና ጨነቅ መኪና ይገባል። ወደ ግጭ የሚኬደው በእግር ነው፤ ጓዝ በበቅሎ ይጫናል።

ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ። ፍኖተ ሰላም ያለችው 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ ግጭ የሚያድር ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሲሶ ያህል ያነሰ ስለሆነ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ቢገጥመው አይደንግጥ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር ማሳለፍ፣ ውሃ አብዝቶ መጠጣት፣ ቀስ ብሎ መራመድ ይረዳል። ሕመሙ ከበረታ ግን መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፤ እዚህ ላይ ጀግንነት የለም።

ከዚያ ብርዱ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ይለቃል፤ ሲነጋ ሳሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እየተንሸራተተ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ ስለዚህ ድንኳን ከረባዳው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ርቆ ይተከላል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ምንጣፍ ነው። ከላይ ሁለት ቡልኮ ቢደረብ እንኳ ከታች ወፍራም ፍራሽ ከሌለ መሬቱ የሰውነትን ሙቀት ይመጥጠዋል። ምግቡም እንደ ቤት አይደለም፤ በዚያ ከፍታ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ክክና ባቄላ አልበስል ብለው ያስቸግራሉ። በሶ ግን እሳት አይጠይቅም፤ የጎጃም መንገደኛ ስንቅ ለዚህ ተራራ የተፈጠረ ይመስላል።

አዳሪ የሚያየውን ደርሶ ተመላሽ አያየውም። ጭላዳ፣ ከዝንጀሮ ወገን ሳር ግጦ የሚኖር ብቸኛው፣ ሌሊቱን ገደል ላይ ተጣብቆ ያሳልፍና ጠዋት አፋፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም በዱር የማይገኘው ዋልያም ጨነቅ አካባቢ በደንብ የሚታየው በማለዳና ወደ ማታ ነው። ቀኑ ለጂንባር ፏፏቴ፣ ለእሜት ጎጎ አፋፍ፣ ለአስታውና ለጅብራው ይበቃል። ጅብራ በእኛው ጮቄም አለ፤ ሰሜን ግን ጥበቃ ሲደረግለት ምን እንደሚመስል ያሳያል።

አስታ ለማገዶ አይቆረጥም፤ ቡታጋዝ ይያዝ። ለጭላዳ ምግብ አይሰጥም፣ ምክንያቱም የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ድንኳን መዝረፍ ይጀምራል። ፌስታልና ጠርሙስ ወደ ደባርቅ ይመለሳል።

ክረምቱ ጭጋግና ጭቃ ስለሆነ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ መሄድ ይሻላል። ከመነሳትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ያጣሩ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ዋልያን በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ እያወቀ የሚያድግ የጎጃም ልጅ ሊኖር አይገባም።