ፎቶግራፍና ድብቁ አእምሮአችን

ዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን! ለመሆኑ አንድን ፎቶግራፍ ስናይ የምናየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነውን? አይደለም። ከራሳችን አውጥተን የምንጨምርበትም አለ።

ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ (እ.ኤ.አ. 1875–1961) እንዳስተማረው፣ የሰው አእምሮ እኛው ራሳችን የማናውቀው ድብቅ ክፍል አለው። ከዚህም ውስጥ ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ የሆነ አለ ይላል። በዚያም እናት፣ ጀግና፣ ጠቢብ ሽማግሌ፣ እንዲሁም ጥላ (ልንቀበለው የማንወደው የራሳችን ገጽታ) የመሳሰሉ ጥንታውያን አምሳያዎች ይገኛሉ። ዩንግ አርኪታይፕ ብሎ ሰይሟቸዋል። በሕልም፣ በተረትና በሥዕል ብቅ ይላሉ። እርግጥ ሐሳቡ በሚዛን ተመዝኖ የተረጋገጠ አይደለም፤ የማይቀበሉት ምሁራን ብዙ ናቸው። ቢሆንም ለማስተዋል ይረዳል።

ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ የተባለች አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ በሚባል ቦታ፣ ከአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት ችግረኛ ሴት አነሣች። ሴትዮዋ እጇን ወደ አገጯ አስጠግታ ሩቅ ትመለከታለች። ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋን ተደግፈዋል፤ ጨቅላም ታቅፋለች። ፎቶግራፉ «ስደተኛዋ እናት» ተብሎ ዓለምን ዞረ። ለምን ቢሉ፣ አገሯን የማያውቅ ሰው እንኳ «እናት» የሚለውን አምሳያ አየባት። ብዙዎች ልጇን ከታቀፈችው ከማርያም ሥዕል ጋር አመሳስለውታል።

ታዲያ ሴትዮዋ ማን ነበረች? ላንግ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። የቸሮኪ ነገድ ተወላጅ ስትሆን፣ ስትነሣ 32 ዓመቷ ነበር። ፎቶግራፉ አንዲት ሳንቲም እንዳላስገኘላት ገልጻ፣ ምነው ባልተነሣሁ ብላለች። እንግዲህ አምሳያው ልባችንን ይነካል፤ ሰውዮዋን ግን ይሸፍናል።

ይህን በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

1. ከጋዜጣ አንድ ፎቶግራፍ ቆርጠን፣ መግለጫውን ሸፍነን፣ ተማሪዎች ታሪክ ይፍጠሩለት።
2. «ከሥዕሉ ያያችሁት የቱ ነው? ከራሳችሁ የጨመራችሁትስ?» ብለን እንጠይቅ።
3. በመጨረሻ መግለጫውን ገልጠን እናነጻጽር።

ትምህርቱ ግን ለተማሪዎች ብቻ አይደለም። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ «ሰነፍ»፣ «ጎበዝ»፣ «በጥባጭ» የሚሉ አምሳያዎችን በአእምሮአችን ይዘን ነው። ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ልጅ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ከመፍረዳችን በፊት ስሙን እንጠይቀው!